ዲኤክሴ ቤንዚን አልቆባት «ግማሽ አለ» ትላለች፤ የሙቀት ጌጁም ቀይ ላይ ነው

የአባቴ ዲኤክስ
ሰኞ፣ ማታ 2:15

ሰላም ናችሁ። መኪናዬ 1982 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ኬኢ 70፣ 4ኬ ሞተር። አባቴ ካለፈ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። እሱ እንደልጅ ነበር የሚይዛት፤ በኔ እጅ እንድትበላሽ አልፈልግም።

ችግሩ ይሄ ነው። ከሁለት ወር በፊት የነዳጅ ጌጁና የሙቀት ጌጁ ባንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ላይ ወጡ። ታንኩን ሙሉ ስሞላ የነዳጁ ቀስት ኤፍን፣ የሙሉን ምልክት፣ አልፎ ጥጉ ላይ ይለጠፋል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ግማሽ እያሳየችኝ ቀለበት መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ቤንዚኑ አልቋል። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት።

ጋራዥ ወስጃት ነበር። መካኒኩ ታንክ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ለኪ፣ ባለተንሳፋፊውን ማለቴ ነው፣ በአዲስ ቀየረው። ለውጥ የለም። ለሙቀቱ ራዲያተሩን አጠበ፤ ቴርሞስታቱንም፣ ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ የሚዘጋውን፣ አውጥቶ ሰጠኝና «ከእንግዲህ ትቀዘቅዛለች» አለኝ። ቀስቱ አሁንም ቀይ ላይ ነው። ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ፤ ችግሩ ግን እዚያው አለ። ምን ላድርግ?

መንገደኛ
ሰኞ፣ ማታ 2:50

እህቴ፣ ገበያ ላይ ያለው ነዳጅ ለኪ አብዛኛው ኮፒ ነው። የተገጠመልሽ የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። ኦሪጅናል ያገለገለ ፈልገሽ አስገቢ። የሙቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምናልባት የቴስታው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ይሆናል። ቴስታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ አስከፍተሽ አሳዪው።

የላዳው ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 3:35

መንገደኛ ወንድሜ፣ ቴስታ ማስከፈት እንደዋዛ የሚነገር ነገር አይደለም። የነዳጅ ጌጁና የሙቀት ጌጁ የሚገናኙት ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። ሁለቱ ባንድ ሳምንት ከተሳሳቱ፣ አብረው የሚጠቀሙበት ነገር አለ ማለት ነው። እኔ የምፈልገው እዚያ ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ግን ሞተሯ በእውነት እየሞቀች መሆን አለመሆኑን እወቂ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ሊገነፍል ይችላል ማለት ነው። የሚይዘው ግፊት 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ደህና ክዳን ካለ ግን የመፍያው ነጥብ 114 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ የክዳኑን ላስቲክና ስፕሪንግ እዪ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የምትከፍቺው፤ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትነኪ።

ከዚያ ካለው ሰው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተዋሺ። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ የሚያደርጉት አይሆንም፤ እሱ ከሰው ሙቀት አያልፍም። የቴክኒሻኖቹ ዓይነት ነው የሚያስፈልግሽ። 20 ደቂቃ ከነዳሽ በኋላ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ከሞተሩ የሚወጣበት ብረት ላይ ለኪ። ቁጥሩን እዚህ ጻፊልን።

ሴንሰሩንም ለብቻው መፈተን ይቻላል። የኔ ላዳ ላይ ያለው የሙቀት ሴንሰር 30 ዲግሪ ላይ ከ1,350 እስከ 1,880 ኦም፣ 90 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከ155 እስከ 196 ኦም ማሳየት አለበት። ኦም ሴንሰሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከለክል የሚለካበት ነው፤ ሲሞቅ ኦሙ ይወርዳል። የዲኤክስ ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ነቅለሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ታደርጊዋለሽ፣ በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ታዪዋለሽ።

የአባቴ ዲኤክስ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:20

ጎረቤታችን የፍሪጅ ቴክኒሻን ስለሆነ ቴርሞሜትሩን ከሱ ተዋስኩ። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ሄጄ ተመለስኩ። ብረቱ ላይ 68 ዲግሪ። ቀስቱ ቀይ ላይ!

ክዳኑንም አየሁት። ላስቲኩ ደህና ነው።

ሽቦና ፊውዝ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:05

ልጄ፣ ሞተርሽ አልሞቀም። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ቀዝቅዟል። ቴርሞስታቱን አውጥተው የሰጡሽ ሰዎች ተሳስተዋል። ይህን ነገር በከተማችን ስንቱ መኪና ላይ እንዳየሁት አልነግርሽም። ሞተር ያለ ቴርሞስታት ሲነዳ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ ቤንዚን ይበላል፤ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። ያወጡልሽን እንዳትጥዪው።

አሁን ሦስት ነገር መልሺልኝ።

ማታ ማታ የዳሽቦርዱ መብራት እንደድሮው ነው ወይስ ደክሟል?

የፊት መብራት ስታበሪ ቀስቶቹ ባሉበት ይቆማሉ ወይስ ይጨምራሉ? ቶሎ እንዳትፈርጂ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቀሽ እዪ፤ እነዚህ ጌጆች ዘገምተኛ ናቸው።

ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፍ ብቻ ስትከፍቺ የሚያሳዩትና ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ስትሰጪው የሚያሳዩት አንድ ነው?

የአባቴ ዲኤክስ
ረቡዕ፣ ማታ 2:00

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጋራዣችን በር ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት።

የዳሽቦርዱ መብራት በጣም ደክሟል። አምፖሎቹ ስላረጁ መስሎኝ ትኩረት አልሰጠሁትም ነበር። የፊት መብራት ሳበራ ሁለቱም ቀስቶች ቀስ እያሉ ወጡ። ሳጠፋው ቀስ እያሉ ተመለሱ። አራት ጊዜ ደጋገምኩት፤ አራቱንም ጊዜ ያው ነው። ሞተሩ ሲነሳም ከፍ ይላሉ።

መብራትና ቤንዚን ምን አገናኛቸው?

ሽቦና ፊውዝ
ረቡዕ፣ ማታ 3:40

የጠየቅሽው ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ ሌሎችም ይጠቀሙበት።

የመኪናሽ ጌጆች በሙቀት ነው የሚሠሩት። ውስጣቸው ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ቀጭን ምላስ አለ። በላዩ ላይ ጸጉር የመሰለ ሽቦ ተጠምጥሟል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል፣ ምላሱ ይጎብጣል፣ ቀስቱን ይገፋዋል። ቁልፍ ስትከፍቺ ቀስቱ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ ቀስ የሚለው ለዚህ ነው።

የመኪና ቮልት ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ሞተሩ ሳይነሳ 12 ነው፤ ዲናሞው ሲሠራ 14 ይደርሳል። ቀስቱ ከሱ ጋር እንዳይዋዥቅ ፋብሪካው ትንሽ ሬጉሌተር አስገብቶለታል። ያንቺ መኪና ላይ ያለው ከነዳጅ ጌጁ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ የሙቀት ጌጁንም የሚመግበው እሱ ነው። እሱም ያው ባለምላስ ነው፤ ጫፉ ላይ መገናኛ ነጥብ አለው። ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። እንዲህ እየተከፈተና እየተዘጋ ለጌጆቹ በአማካይ 7 ቮልት ገደማ ይሰጣል።

አሁን ልብ በዪ። ይህ ምላስ እንዲሞቅ ማሳ ያስፈልገዋል። ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በቦዲው በኩል መገናኘት አለበት። ማሳው ከደከመ ምላሱ በደንብ አይሞቅም። ካልሞቀ እንደተዘጋ ይቆያል። ያኔ 7 የነበረው 10፣ 11፣ 12 ይሆናል። ጌጆቹ ሁለቱም ይዋሻሉ፤ ሁልጊዜም ወደ ላይ ነው የሚዋሹት። ባዶው ታንክ «ግማሽ» ያለሽ፣ የቀዘቀዘው ሞተር «ተቃጠልኩ» ያለሽ በዚህ ምክንያት ነው።

መብራቱስ? የዳሽቦርዱ አምፖሎች የሚመለሱትም በዚያው ማሳ ነው። መንገዱ ጠባብ ሲሆን እነሱም ሲጨመሩበት ይጨናነቃል። አምፖሎቹ ይደክማሉ፤ ሬጉሌተሩም የባሰ ይራባል።

ለማረጋገጥ ምንም መግዛት የለብሽም። መልቲሜትሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጊ። ጥቁሩን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የማሳ ብሎን ላይ። ቁልፍ ክፍት፣ የፊት መብራት በርቶ። ዜሮ አካባቢ፣ ከ0.1 በታች ማየት አለብሽ። ከዚያ የበለጠው ሁሉ የጠፋ ቮልት ነው።

እስከዚያ ድረስ ታንኩን ሙሉ አትሙዪ። ታንኩ ሲሞላ ነው በጌጁ ውስጥ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው፤ ያቺ ቀጭን ሽቦ ልትቃጠል ትችላለች። የቀረሽን ቤንዚን በኪሎሜትር አስይ።

መንገደኛ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4:10

ይቅርታ፣ እኔ ግን ይህ ሁሉ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ከታንኩ የሚመጣውን ሽቦ ነቅዬ ቦዲ ማስነካት ነው። ቀስቱ ወደ ሙሉ ከሮጠ ጌጁ ደህና ነው፣ ችግሩ ታንክ ውስጥ ነው። በአምስት ሰከንድ ያልቃል።

ቮልስ ወዳጅ
ሐሙስ፣ ቀን 7:30

ቮልስ ላይ እኔም እንደዚያ ሠርቻለሁ። ሽቦውን ስትነቅል ባዶ፣ ቦዲ ስታስነካ ሙሉ። ለነገሩ የኤሌክትሪክ ጌጅ ቮልስ ላይ የመጣው በ1968 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት ለጥቂት ዓመታት በገመድ የሚሠራ ነበር። ከ1962 በፊት የነበሩት ደግሞ አብዛኞቹ ጭራሽ ጌጅ የላቸውም፤ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር በእግር የምትዞር የሪዘርቭ መክፈቻ ነበረች። አጎቴ እንዲህ ዓይነቷን ነድቷል። አንድም ቀን ቤንዚን አልቆበት መንገድ ላይ አልቆመም፤ መክፈቻዋን ከተጠቀመ በኋላ መጀመሪያ ያገኘው ማደያ ይገባ ነበር።

ሽቦና ፊውዝ
ሐሙስ፣ ማታ 1:45

መንገደኛ ልጄ፣ ፈተናው ትክክል ነው። ላዳና ብዙ ሌላ መኪና ላይ ይሠራል። የሙቀት ምላስ ያለው ጌጅ ላይ ግን በቀጥታ ማስነካት አልወድም፤ በተለይ ሬጉሌተሩ በሚጠረጠርበት ጊዜ። 12 ቮልት በሙሉ በዚያች ሽቦ ውስጥ ትለቅበታለህ። አምስት ሰከንድ ያልከው አሥር ከሆነ ጌጁን ራሱ ገደልከው። የዲኤክስ ጌጅ ደግሞ ዛሬ የት ይገኛል?

ደህናው መንገድ አምፖል ነው። 3.4 ዋት የሆነች ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ወስደህ፣ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ በአምፖሏ በኩል ቦዲ አስነካ። ቁልፍ ክፈት። አምፖሏ ትበራለች፤ ቀስቱም ይነሳል። ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች ሬጉሌተሩ እየሠራ ነው። ሳትቆራረጥ ዝም ብላ ከበራች እየሠራ አይደለም። አንዲት አምፖል ጌጁንም ሬጉሌተሩንም ትመረምርልሃለች።

ታንኩ አጠገብ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። ሶኬቱን ከመንቀላችሁ በፊት ቁልፍ ይዘጋ። ነዳጅ ለኪው ራሱ የሚወጣ ከሆነ ባትሪው ይነቀል፣ መኪናው ደጅ ይውጣ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ አይድረስ። የቤንዚን ትነት አይታይም። አንድ ጓደኛዬ በዚህ እጁን ተቃጥሏል።

የአባቴ ዲኤክስ
ቅዳሜ፣ ማታ 12:50

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ተገኘ!

ጠዋት ባትሪውን ነቅዬ ዳሽቦርዱን ከፈትኩ። ብሎኖቹን በካቻቪቴ ፈታሁ። የፍጥነት መለኪያውን ገመድ ከጀርባ ማላቀቅ ነበር የከበደኝ፤ ጣት የሚገባበት ቦታ የለም። አውጥቼ ስገለብጠው ጀርባው ላይ ስስ ፕላስቲክ አለ፤ በላዩ የመዳብ መስመሮች ተስለውበታል። ጥቁሩ የማሳ ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን ላይ ቀለበት ነገር አለች። ሌሎቹ ብሎኖች ያብለጨልጫሉ። እሷ ግን ቡናማ ሆናለች። በጥፍሬ ስጭራት እንደ በርበሬ ዱቄት ረገፈ። የሽቦው ሌላኛው ጫፍ ከመሪው ሥር ቦዲው ላይ ነው የታሰረው። እሱም ዝጓል። እዚያ ጋ የድሮ የዝናብ ውሃ ምልክት አየሁ፤ ከመስተዋቱ ላስቲክ የሚወርድ ይመስለኛል።

ከመንካቴ በፊት ጋሼ እንዳሉት ለካሁ። ባትሪውን መልሼ፣ መብራቱን አብርቼ፦ 2.6 ቮልት። ከ0.1 በታች ነው ያሉኝ!

ቀለበቷን በብርጭቆ ወረቀት እስክታበራ ፈተግኳት። የቦዲውንም ዝገት እስከ ነጭ ብረቱ ድረስ አወጣሁት። ለመተማመኛ ሌላ አዲስ ሽቦ ከዚያው ብሎን ወደ ሌላ ንጹሕ ብሎን አሰርኩ። እንደገና ለካሁ፦ 0.04።

ቁልፍ ከፈትኩ። ታንኩ ውስጥ 15 ሊትር ነበር። ቀስቱ ቀስ ብሎ ወጥቶ ከግማሽ በታች፣ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ቆመ። መብራት አበራሁ። አልተንቀሳቀሰም። የዳሽቦርዱ መብራት ደግሞ ልጅ እያለሁ እንደማውቀው አረንጓዴ ሆነ። አለቀስኩ ብላችሁ አትታዘቡኝ።

የላዳው ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 1:30

ማንም አይታዘብሽም እህቴ። እንኳን ደስ አለሽ። የዝገቱን ቦታ ቅባት ቀቢው፤ የመስተዋቱንም ላስቲክ ክረምት ሳይገባ አሠሪው። አለበለዚያ ዝገቱ ይመለሳል።

አንድ ጥያቄ፦ ያወጡልሽን የድሮ ነዳጅ ለኪ ለክተሽዋል?

የአባቴ ዲኤክስ
እሑድ፣ ቀን 9:15

አሁን ለካሁት። ክንዱን ወደ ታች ሳወርደው 108 ኦም፤ ወደ ላይ ሳነሳው 3። መሀል ላይ ሳይዘል እየተከታተለ ይሄዳል።

ሽቦና ፊውዝ
እሑድ፣ ማታ 2:20

ያ ጤነኛ ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታ ባዶ ሲሆን 110 አካባቢ፣ ሙሉ ሲሆን 3 አካባቢ ነው የሚያሳየው። አሽጊና መለዋወጫ አድርገሽ አስቀምጪው። በከንቱ ነው የተቀየረው። መለካት ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው፤ ይህ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

የአባቴ ዲኤክስ
ረቡዕ፣ ማታ 2:40 (ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ)

ተመልሼ መጣሁ። ማሳው አሁንም 0.04 ነው። ግን ከትናንት ጀምሮ ሁለቱም ቀስቶች አንዳንዴ ወደ ታች ይወድቃሉ። ጥቂት ቆይተው ይመለሳሉ። ጎርበጥ ያለ መንገድ ላይ ይብሳል። በአምፖሏ ፈተንኳት፤ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ግን ሥርዓት የለውም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ትጠፋለች።

ሽቦና ፊውዝ
ረቡዕ፣ ማታ 3:15

ፈርቼው ነበር። የሬጉሌተሩ መገናኛ ነጥቦች አርጅተዋል። ከፍተሽ እያቸው። ከጠቆሩ በጣም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንዴ ብቻ ጠረግ አድርጊ። ምላሷን እንዳታጎብጪ፤ ልኳ በእሷ ነው የተያዘው።

የአባቴ ዲኤክስ
ሐሙስ፣ ማታ 2:10

በልጄ አጉሊ መነጽር አየኋቸው። ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጡም። አንደኛው መሀሉ ጎድጉዷል፤ ሌላኛው ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ወጥቷል። ጠረግኳቸው። ለጥቂት ሰዓታት ተሻለው፤ ከዚያ ያው ሆነ።

ሬዲዮ ጠጋኝ
ሐሙስ፣ ማታ 3:25

ሰላም፣ ይህን ክር ከመጀመሪያው ስከታተል ነበር። መኪና ብዙ አላውቅም፤ ሬጉሌተር ግን የዕለት ሥራዬ ነው። ያን ባለምላሱን በኤሌክትሮኒክስ መተካት ይቻላል።

7808 የሚባል ባለሦስት እግር ሬጉሌተር አለ፤ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ይገኛል። 8 ቮልት ያወጣል። 7 የሚያወጣ 7807 አለ፤ ማግኘት ግን ይከብዳል። ስለዚህ ከ7808 መውጫ ቀጥሎ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ አድርጊ። ዳዮዱ 0.7 ገደማ ይቀንስና 7.3 ቮልት ይቀርሻል። ለጌጅ በቂ ነው።

ጽሑፉ ወዳንቺ ዞሮ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ፣ ግራው መግቢያ ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት የሚመጣበት። መሀሉ ማሳ። ቀኙ መውጫ። የዳዮዱ ነጭ መስመር ወደ ጌጆቹ ይዙር። ከመግቢያው ወደ ማሳ 0.33 ማይክሮፋራድ፣ ከመውጫው ወደ ማሳ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጊ፤ ሳይረበሽ ይሠራል። ጀርባው ላይ ያለው ብረት ማሳ ስለሆነ ከቦዲው ጋር በብሎን ማሰር ትችያለሽ፤ ሙቀቱንም ያወጣለታል።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ። በድሮዎቹ ነጥቦች መሀል ወረቀት ወይም ፕላስቲክ አስገብተሽ ለያዪያቸው። አለበለዚያ 12 ቮልቱ በዚያ በኩል አልፎ ሁሉንም ከንቱ ያደርገዋል። በሊድ መበየድ ካልለመድሽ አንዱን የሬዲዮ ሠሪ ጠይቂ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።

ሽቦና ፊውዝ
ሐሙስ፣ ማታ 3:50

በዚህ እስማማለሁ። እኔ በሥራ ዘመኔ ነጥቦቹን እየጠረግኩ ነው የኖርኩት፤ ይህኛው ይሻላል። ግን ልጄ፣ ማሳሽን ባታስተካክዪ ኖሮ ይህም አይሠራም ነበር። የዚህኛውም መሀል እግር የሚቆመው በዚያው ማሳ ላይ ነው።

የአባቴ ዲኤክስ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:30

ከተገጠመ አምስተኛ ቀኑ ነው። መልቲሜትሩ 7.3 ላይ ተተክሎ ቀርቷል፤ መብራት ባበራ፣ ነዳጅ ብሰጥ፣ ጎርባጣ ላይ ብሄድ ንቅንቅ የለም።

ልኩን ለማወቅ ታንኩ ሊያልቅ ሲል ማደያ ሄድኩ። ሰው ባልነበረበት ሰዓት ስለሆነ ልጁ ተባበረኝ። አሥር አሥር ሊትር እየቀዳልኝ፣ እየቆምን፣ ቀስቱ እስኪረጋጋ ደቂቃ እየጠበቅን። መጀመሪያ ላይ ኢ፣ የባዶ ምልክቱ፣ ላይ ነበር። በ10 ሊትር አንድ አራተኛ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። በ20 ከግማሽ ትንሽ ዝቅ። በ30 ግማሽን አልፎ። በ40 ከሦስት አራተኛ በላይ። 46 ሊትር ላይ ሞላ፤ ቀስቱ ኤፍ መስመሩ ላይ ቆመ። የዚህች ታንክ 50 ሊትር ስለሆነ ኢ ሲል 4 ሊትር ገደማ ይቀረኛል ማለት ነው። ባዶ እስኪሆን ግን አልጠብቅም። ታንኩ ታች ያለው ቆሻሻ ካርቡራተሩ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

ቴርሞስታቱንም መለስኩት። ከመመለሴ በፊት ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አፈላሁት። ላዩ 82 ተጽፎበታል። 80ን እንዳለፈ በዓይኔ እያየሁ ተከፈተ። ምንም አልነበረበትም። አሁን ሞተሯ ቶሎ ትሞቃለች፤ ቀስቱ ከመሀል ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ላዩ ላይ ስለካ 84፣ 85 ነው።

ጋሼ በኪሎሜትር አስይ ባሉኝ ጊዜ ወረቀት ፍለጋ የዳሽቦርዱን ኪስ ስከፍት የአባቴን ደብተር አገኘሁ። በሞላ ቁጥር ቀኑን፣ ሊትሩን፣ ኪሎሜትሩን ጽፏል። የመጨረሻው ገጽ ግማሽ ድረስ ነው የሄደው። ከሱ ቀጥሎ የዛሬውን 46 ሊትር ጻፍኩ።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሽቦና ፊውዝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

አዲስ ገቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

ሰላም ጋሼ። የኔ ፒክአፕ ነው፣ 1986 ሞዴል። እኔም ሁለቱ ጌጆች አብረው ነው የሚሳሳቱት፤ ግን ወደ ታች ነው። ሙሉ ሞልቼ ግማሽ ነው የሚለኝ። እኔም ማሳ ልፈልግ?

ሽቦና ፊውዝ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:30

ወደ ታች ከሆነ ከመግቢያው ጀምር። ቁልፍ ከፍተህ ጌጆቹን የሚመግበው ሽቦ ላይ 12 ቮልት ይደርሳል? ፊውዙን አውጣና ሁለቱንም እግሮቹን እይ፤ የሚይዘው ሶኬት ላልቶ ወይም ጠቁሮ እንዳይሆን። እሱ ደህና ከሆነ አምፖሏን አምጣ። የምታየውን ጻፍልኝ።